መቶ ስድሳ አምስት ኸርዝ

«አባትሽ ሳይነቃ ሹልክ ብለሽ ሂጂና ገዝተሽው ነይ። እሱ ከሰማ ስክሪን ሳይሆን ስብሰባ ነው የምትገዢው።»

አባትየው እንግዳ ይህን የሰማው መታጠቢያ ቤት ቆሞ፣ ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ ግማሹን በሳሙና አረፋ እንደሸፈነ ነበር። ለቡ መብራት ኃይል ያለው ኮንዶሚኒየማቸው ሲሠራ፣ መታጠቢያ ቤቱንና ማድ ቤቱን በሚለየው ግድግዳ አናት ላይ አንዲት የብሎኬት ስፋት ያላት የአየር ቀዳዳ ቀርታለች። በዚያች ቀዳዳ የሽንኩርት ቁሌት ሽታ ወደዚህ ይመጣል፤ የእሱ የጠዋት ጉሮሮ መጥረግም ወደዚያ ይሄዳል። ዛሬ ግን ጉሮሮውን አልጠረገም፤ ስለዚህ ሚስቱ ተናኘ ገና አልተነሳም ብላ ነው። ምላጩን አገጩ ላይ እንዳስደገፈ ጆሮውን ወደ ቀዳዳዋ ጣል አደረገ። ልጁ ቲና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቅዳሜ አይደል፣ እስከ ሦስት ሰዓት ይተኛል» አለች። ከዚያ እናትና ልጅ ሳቁ። አንጀቱን ያሳረረው ስብሰባ መባሉ አልነበረም፤ ሳቁ ነው። ለመሳቅ እንኳ የእሱን መተኛት ይጠብቃሉ ማለት ነው።

ሁለት ሳምንት ሙሉ የለፋው ለዚህች ቀን ነበር። ቲና እራት ላይ፣ «የኮምፒውተሬን ስክሪን ልቀይረው ነው፤ ገንዘቡ ሞልቶልኛል» ያለች ዕለት፣ እንግዳ የጎረሰውን ሳይውጥ «እሱን ለእኔ ተዪው» ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ የቢሮ የምሳ ሰዓቱን ዩቲዩብ ላይ ነው ያሳለፈው። ከህንዱ ሰውዬ ሰምቷል፤ ከአሜሪካኑ ሰምቷል፤ አንድም ቃል ካልገባው ከሩሲያውም ሳይቀር ሰምቷል። የሰማውን ሁሉ አረንጓዴ ልባስ ባላት የመሥሪያ ቤት ደብተር ላይ አስፍሯል። ከጻፈው መካከል ልቡን የሰረቀችው ግን «ኸርዝ» የምትለዋ ቃል ናት። ስክሪኑ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ምስሉን ስንት ጊዜ እንደሚያድስ የሚለካው በእሷ ነው። ስድሳ ኸርዝ ተራ ነው፣ መቶ አርባ አራት ጥሩ ነው፣ ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ የባለሙያ ነው። እንግዳ ተራ ነገር አይወድም።

በሙያው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት የኃላፊው ኮምፒውተር አልበራ ብሎ ሦስት ሰው ሲተራመስ፣ ገመዱ ከሶኬቱ ወጥቶ መውደቁን ያየው እሱ ነበር፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ «ኢንጂነር» ሆኖ ቀረ። በመጀመሪያው ዓመት ቀልድ መሆኑን ያውቅ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ረሳው። ሥልጣኑ ቤትም ድረስ ዘለቀ። ሲነሳ እንደ ጄኔሬተር የሚጮኸውን ማቀዝቀዣ የመረጠው እሱ ነው። «ትልቅ ዕቃ የሚገዛው አንዴ ነው» ብሎ ያመጣው ቴሌቪዥን ደግሞ ግድግዳው አልበቃው ብሎ የሳሎኑን መስኮት በግማሽ ከልሎት ቆሟል፤ በጠራራ ፀሐይ አምፖል ያበራሉ። ስለዚህ ጉዳይ ቤት ውስጥ ተወርቶ አያውቅም። ተናኘ መብራቱን ስታበራ ማብሪያውን ከሚገባው በላይ ጠበቅ አድርጋ ትጫነዋለች፤ ያ ብቻ ነው።

አረፋውን ታጥቦ፣ የተተኮሰ ሱሪውን ለብሶ፣ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ወደ ማድ ቤት ብቅ ሲል ቲና ቦርሳዋን አንግታ በር ላይ ደርሳለች። ተናኘ ድንች ትልጣለች።

«ወዴት ነው በጠዋቱ?»

«መካኒሳ ደርሼ ልምጣ ብዬ ነው አባዬ።»

«እንዴ! እኔም እኮ መንገዴ ወደ መካኒሳ ነው» አለ፤ መካኒሳ ምንም ጉዳይ ኖሮት አያውቅም።

ቲና እናቷን አየቻት። ተናኘ ድንቹን አየችው። ድንቹ እስኪያልቅ ድረስ ከላጠችው በኋላ ሌላ አነሳች። «እሺ አባዬ፣ እንሂድ» አለች ቲና በመጨረሻ፤ የእንግዳ ቅያሜ የሸሚዙን ቁልፍ ዘግቶ ሳይጨርስ በኖ ጠፋ።

ቲና ሃያ አራት ዓመቷ ነው። በአካውንቲንግ ተመርቃ ሁለት ዓመት ሥራ ከፈለገች በኋላ ፍለጋውን ትታ፣ በኮምፒውተር የጥልፍ ንድፍ መሥራት ተማረች። እሷ ቤት ቁጭ ብላ የሐበሻ ቀሚሱን ጥልፍ በስክሪን ላይ ትነድፋለች፤ ንድፉን ሃና ማርያም ጋ የጥልፍ ማሽኖች ላሏት ለወይዘሮ ሸጊቱ ትልካለች፤ የሚስማማውን የክር ቀለም የምትመርጠውም ራሷ ናት። እንግዳ ይህን ያውቃል፤ ማለትም «ጥልፍ ነገር» መሆኑን ያውቃል። ቢሮ ሲጠይቁት «በኮምፒውተሩ ዘርፍ ናት» ብሎ ያልፋል። አጠገቧ ተቀምጦ ስትሠራ አይቷት ግን አያውቅም። ምክንያቱን ጠይቆት የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ለራሱም መልስ አዘጋጅቶ አያውቅም።

ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡና ደብተሩን ገለጠ። ገና ለቡን ሳይወጡ ስለ ጥራት አስረዳት፤ ስክሪን ከጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ መሆኑን፣ ነጥቦቹ በበዙ ቁጥር ምስሉ እንደሚጠራ፣ ታችኛው ፉል ኤችዲ፣ መካከለኛው ቱ ኬ፣ ላይኛው ፎር ኬ መሆኑን። ቲና «እ» ትላለች። ከዚያ ወደ ኸርዝ ተሻገረ፤ እዚህ ላይ ድምፁ ከፍ አለ። ከፊት ወንበር ያሉ ሴትዮ ዘወር ብለው፣ «ወንድሜ፣ የእኛ ቤት ቲቪ ቢጫ ቢጫ ይላል፤ እሱም ኸርዝ ይሆን?» አሉት። እንግዳ ማሰብ እንኳ አላስፈለገውም፤ «ሊሆን ይችላል እማማ» አላቸው። ሴትዮዋ አመስግነው ወረዱ። ቲና በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ከንፈሯን ነክሳ ነበር። አባት፣ ልጄ በእኔ ኮራች አለ በሆዱ።

ቲና ወደ ሬድዋን ሱቅ መራችው፤ ሱቁ መካኒሳ አንድ ሕንፃ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ጠባብ ሆኖ ግድግዳው ሁሉ ስክሪን ነው። ሬድዋን ሠላሳዎቹን የጀመረ ቀጭን ሰው ነው። ገና ሲገቡ ቲናን አየና ፊቱ ፈካ ብሎ «ያ ነገር…» ብሎ ጀመረ፤ ከዚያ ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ቃሉን ዋጠና አሳለ። እንግዳ ይህን የተረጎመው በራሱ መንገድ ነው፤ ነጋዴው የሚያውቅ ሰው መምጣቱን ከአቋሙ ገምቶ ደነገጠ።

«ለምን ሥራ ነው የምትፈልጉት፣ ጋሼ?»

«ለሁሉም ሥራ» አለ እንግዳ።

ቲና በጣቷ ጥግ ላይ ያለ አንድ ጠፍጣፋ፣ ጌጥ የሌለው፣ ጥቁር ሞኒተር አሳየችው። «አባዬ፣ ያኛው ጥሩ አይመስልህም? ሃያ ሰባት ኢንች ነው፣ ቱ ኬ ነው።»

«ስንት ኸርዝ ነው?»

«ሰባ አምስት» አለ ሬድዋን።

እንግዳ ለወደቀ ተማሪ እንደሚያዝን መምህር ፈገግ አለ። ዓይኑ ቀድሞ ያረፈው ሌላ ቦታ ነበር። እንደ ጨረቃ ጎበጥ ያለ፣ ከጀርባው ቀይ መብራት የሚበራ፣ ፊቱ ላይ «165» የሚል የተለጠፈበት ስክሪን ነው። ጥራቱን ሲጠይቅ ፉል ኤችዲ መሆኑ ተነገረው። ለአፍታ ተፈተነ። ደብተሩ ላይ ሁለቱም ዓምዶች ከፍተኛ መሆን ነበረባቸው፤ ሁለቱንም የያዘው ስክሪን ደግሞ ዋጋው ከቲና ገንዘብ እጥፍ ነው። መምረጥ ግድ ሆነ። እጁን አጣምሮ፣ ሱቁ ውስጥ ላሉት ሁሉ እንዲሰማ፣ «ጥራት ዓይን ያስደስታል፤ ሥራ የሚያቀላጥፈው ግን ፍጥነት ነው» አለ። ዓረፍተ ነገሩ ለራሱም አማረው።

ሬድዋን ጭንቅላቱን አከከ። «ጋሼ፣ በዚህ ስፋት ላይ ፉል ኤችዲ ከሆነ ነጥቦቹ ትንሽ ትንሽ ይታያሉ።»

«ተጠግቶ ለሚያይ ሰው።»

«ቀለሙም እንደ…»

«ቀለሙን አየሁት፤ ቀይ ነው፣ ያምራል» አለ እንግዳ የጀርባውን መብራት እያሳየ። ሬድዋን ቲናን አየ። ቲና ቦርሳዋን ከፈተች። አርባ አንድ ሺህ ብር፤ ከጥቁሩ በአምስት ሺህ ይበልጣል። ለእንግዳ ይህም ሌላ ማስረጃ ነበር፤ በከንቱ አይወደድም።

ቤት ደርሰው ስክሪኑ ሲተከል ሦስቱም የቲና ክፍል ውስጥ ነበሩ፤ አልጋዋና የሥራ ጠረጴዛዋ ተጣብቀው ከተቀመጡ በኋላ የሚቀረው ቦታ ለሁለት ሰው ብቻ ስለሚበቃ ተናኘ በሩ ላይ ቆመች። እንግዳ ቲና እየመራችው ቅንብሩን ከስድሳ ወደ መቶ ስድሳ አምስት አደረገው። ማውሱን ይዞ ቀስቷን ከዳር ዳር አስሮጣት። «አያችሁ? አያችሁ እንዴት እንደምትንሸራተት!»

«ድሮም ትንሸራተት ነበር» አለች ተናኘ።

«እሱ ዓይን ይጠይቃል።»

ተናኘ ለቲና አንድ ነገር ልትናገር ፈልጋ ተወችውና ምሳ ልታቀርብ ሄደች። ምሳው ላይ እንግዳ ብቻውን ነው ያወራው። ቲና ጥቂት ጎራርሳ «ሥራ አለብኝ» ብላ ተነሳች። ምሳው ካለቀ በኋላ እሱም ሶፋው ላይ ተዘርግቶ ትንሽ አንቀላፋና፣ ሲነቃ አንድ ምስጋና የጎደለው መሰለው። ተነስቶ በእግሩ ጣት እየረገጠ ወደ ልጁ ክፍል ሄደ፤ ሳታየው በአዲሱ ስክሪን ስትደሰት ሊያያት።

ቲና ገርበብ ብሎ ከተተወው በር በስተጀርባ፣ አንድ የክር ጥቅል ይዛ ስክሪኑ ላይ ታስጠጋዋለች። ክሩ ወይን ጠጅ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው ጥልፍ ደግሞ ጡብ የመሰለ ቀለም አለው። ጥቅሉን ከላይ ታስጠጋለች፣ ከታች ታስጠጋለች፤ ከወንበሯ ብድግ ስትል ቀለሙ ትንሽ ይለወጣል፣ ስትቀመጥ ሌላ ይሆናል። ቅንብሩን ነካ ነካ አደረገች። ከዚያ ጥልፉን አቀረበችው። ክሮቹ መስመር መሆን ሲገባቸው እንደ ደረጃ ተቆራርጠው ታዩ። ቲና ክሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች።

እንግዳ ወደ ሳሎን ተመለሰ። ተናኘ በዚያ በሚበራው አምፖል ሥር ምስር ትለቅማለች።

«ምን ሆና ነው?»

«ምን ሆነች?»

«ክር ይዛ ስክሪኑን ትለካዋለች።»

ተናኘ ምስሩን ወደ ጎን ገፋ አደረገችው። ባለፈው ወር የሰባት ሚዜዎች ቀሚስ ጥልፍ መበላሸቱን ነገረችው። ሙሽሪት የላከችው ፎቶ ወይን ጠጅ ነበር፤ የቲና አሮጌ ስክሪን ጡብ አድርጎ አሳያት፤ ለጡቡ የሚስማማ ክር መረጠች፤ ማሽኑም ጡብ አድርጎ ጠለፈው። ሰባቱም ቀሚስ ተፈታ። ቲና ለአሥራ አንድ ቀን ሃና ማርያም እየተመላለሰች ክር በመርፌ ስትመዝ ነበር። ወይዘሮ ሸጊቱ አሁን ደግሞ ትልቅ ትእዛዝ ተቀብላለች፤ ሰኞ ይጀመራል። «ቀለሙ ዳግመኛ ከተሳሳተ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ ብላታለች። ስክሪኑን የምትገዛው ለዚህ ነበር።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

ተናኘ አየችው። «ነግረንሃል እኮ። ማክሰኞ እራት ላይ። ‹ቀለምን ተዉት፣ ስለ ኸርዝ ላስረዳችሁ› አልከን።»

እንግዳ ማለቱን አስታወሰ። እጁን እንዴት እንዳወናጨፈ ሁሉ አስታወሰ። ደብተሩን አምጥቶ ከአንድ እስከ አሥራ ዘጠነኛው ገጽ አገላበጠው፤ ጥራት አለ፣ ኸርዝ አለ፣ ስፋት አለ፣ የህንዱ ሰውዬ ስልክ ቁጥር ሳይቀር አለ። ቀለም የሚል ቃል አንድ ቦታ የለም። አሥራ ዘጠኝ ገጽ ጽፎ ልጁን አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ መቅረት፣ እሱም ራሱን የቻለ ችሎታ ነው አለ ለራሱ፤ ይህን በደንብ የሚያደርግ ሰው ከተፈለገ «ኢንጂነር» የሚባለው ይጠራ።

ቲና ክፍል ገብቶ፣ «ይሄን ነገር ልቀይረው ነው፤ እንከን አግኝቼበታለሁ» አላት። እንከኑ የት እንዳለ አልነገራትም። ቲና «አባዬ ተወው፣ እለምደዋለሁ» አለች። ገመዱን ነቅሎ ካርቶኑ ውስጥ መለሰው፤ የክሩንም ጥቅል ኪሱ ከተተ። ባጃጅ ውስጥ ካርቶኑ ወንበሩን ሞልቶት እሱ በአንድ መቀመጫው ብቻ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ሄደ። ሾፌሩ በመስታወት እያየው «ቲቪ ነው?» አለው። «አይደለም፤ ጥፋት ነው» አለው። ሾፌሩ የዕቃ ስም መስሎት፣ «ስንት ገባ?» አለ።

ሬድዋን ካርቶኑን ሲያይ አልተገረመም። «ቀለሙ ነው አይደል፣ ጋሼ?»

እንግዳ ክሩን ከኪሱ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። ሬድዋን ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገና በዚያ ጌጥ በሌለው ጥቁር ሞኒተር ላይ አንድ ጥልፍ ከፈተ። እያንዳንዷ ክር ለብቻዋ ትታያለች፤ ቀለሙ ራሱ ወይን ጠጅ ነው። ጥቅሉን ሲያስጠጋው ክሩ የት አብቅቶ ስክሪኑ የት እንደጀመረ ለመለየት እንግዳ አንገቱን ማስገግ ነበረበት።

«ይሄ የልጄ ሥራ ነው። ከየት አመጣኸው?»

«ረቡዕ መጥታ ነበር። ይሄን ንድፍና ይሄንኑ ክር ይዛ ያሉኝን ሞኒተሮች በሙሉ ለካቻቸው፤ ሁለት ሰዓት ፈጀባት። ይሄኛውን መረጠች። ‹ቅዳሜ ጠዋት መጥቼ እወስደዋለሁ፣ ያዝልኝ› ብላኝ ነው የሄደችው።»

«ታዲያ ጠዋት ለምን ዝም አልክ?»

«እሷ በዓይኗ ዝም በል አለችኝ። እኔም ቤት አባት አለኝ፣ ጋሼ።»

እንግዳ የደንበኞች መቀመጫው ላይ ተቀመጠ። ለመጽናናት ያህል፣ «ቢሆንም በፍጥነቱ ያኛው ይበልጠዋል» አለ። ሬድዋን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁ ጭር ብሎበት ነበር። ሁለት ስክሪን ጎን ለጎን አቁሞ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት የምትሮጥ መኪና ለቀቀ። አንዱ ስድሳ፣ ሌላው መቶ ስድሳ አምስት ነው አለው፤ ፈጣኑን ለይ። እንግዳ ወዲያው በስተቀኝ ያለውን ጠቆመ። ስድሳው ነበር። ሬድዋን ደብቆ አቀያየራቸው። እንግዳ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ጊዜ ወስዶ ጠቆመ። አሁንም ስድሳው ነበር።

«አንዳንድ ሰው ያየዋል» አለ ሬድዋን፤ «በተለይ ጌም የሚጫወት። ኸርዝ ለሚሮጥ ነገር ነው፣ ጋሼ። ጥልፍ ይሮጣል እንዴ?»

እንግዳ ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁ ከየት እንደመጣ አያውቅም፤ ዓይኑ እስኪያነባ ሳቀ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማየት የማይችለውን ነገር ሲመርጥ ከርሟል፤ ያውም በሰው ገንዘብ።

ካርቶኑ ተከፍቷልና እንደ አዲስ አይሸጥም፤ ቅናሽ መሆኑ ነው። እንግዳ ጉዳቱን ከራሱ ኪስ ሊከፍል ገና እጁን ሲከት አንድ ወፍራም ሰው ገባ። በኃይሉ ይባላል፤ ፉሪ ጋራዥ አለው፤ ጥፍሮቹ በግሪስ ጠቁረዋል። «ጠንከር ያለ ስክሪን ነበር የፈለግኩት» አለ፤ «ኸርዙ ከፍ ያለ።»

«ለምን ሥራ ነው?» የሚለው ጥያቄ የወጣው ከእንግዳ አፍ ነው።

«ለካሜራ። ጋራዤ ዕቃ እየጠፋ ነው። ሌባው ሲሮጥ ስክሪኑ ቀርፋፋ ከሆነ ያመልጠኛል።»

እንግዳ ሰውየውን አስቀመጠውና ሁሉንም ነገረው። ጠዋት እዚህ መምጣቱን፣ ሊቅ ሆኖ ማውራቱን፣ ልጁን ዝም ማሰኘቱን፣ አሁን ደግሞ ሁለት ጊዜ ተፈትኖ ሁለት ጊዜ መውደቁን አንድም ሳይደብቅ ተናገረ። ሬድዋን በበኩሉ ካሜራው ራሱ በሰከንድ ሃያ አምስት ምስል ብቻ ስለሚቀዳ የስክሪኑ ፍጥነት ለውጥ እንደማያመጣ አስረዳው። በኃይሉ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን እያየ በጥሞና ሰማ። ሲጨርሱ ፊቱ ላይ ብልጠት ተነበበ።

«ገባኝ» አለው እንግዳን። «ይቺን ፈጣኗን አንተ ልትወስዳት ፈልገህ እኔን ቀርፋፋውን ልታሸክሙኝ ነው።»

ማሉለት፤ ይባስ ጠረጠረ። ካርቶኑ የተከፈተ ነው ሲሉት «ታዲያ ቀንሱልኛ» አለ፤ ሬድዋንም ቀነሰለት። በኃይሉ መቶ ስድሳ አምስቱን ኸርዝ ታቅፎ፣ ሊቀማው የሚመጣ ሰው ያለ ይመስል እየተገላመጠ ደረጃውን ወረደ። እንግዳ ከኋላው ሲያየው ጠዋት እዚሁ ቦታ የቆመውን ሰውዬ ያየ መሰለው፤ ልዩነታቸው፣ ይሄኛው ቢያንስ የገዛው በራሱ ገንዘብ መሆኑ ነው። ቅናሹን እንግዳ ከኪሱ ሞልቶ ከሬድዋን ጋር ተጨባበጡ፤ ጥቁሩን ሞኒተር ይዞ ወጣ።

ቤት ሲደርስ አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል። ቲና ካርቶኑን ገና በሩ ላይ ለየችው። አባቷን አየች፣ ካርቶኑን አየች፤ በአንድ በኩል ያዘችለትና ተጋግዘው ወደ ክፍሏ አስገቡት። የተረፈውን አምስት ሺህ ብር ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ። ገመዱን ሰኩ፣ መቆሚያውን አጠበቁ። እንግዳ የተናገረው ምስሉ ከበራ በኋላ ነው።

«ረቡዕ መሄድሽን ባለሱቁ ነገረኝ።»

ቲና ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ አሳረፈች።

«ለምን ዝም አልሽኝ ቲኒዬ? ገንዘቡ ያንቺ፣ ሥራው ያንቺ።»

«ሱሪህን ተኩሰህ ነበር» አለች። «ሰርግ የምትሄድ ነበር የምትመስለው። አብረን የትም ሄደን አናውቅም፣ አባዬ። እኔ ደግሞ… ደስ ብሎኝ ነበር። ታክሲው ውስጥ።»

እንግዳ የሰማውን ለማስታመም ያህል አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ጠዋት በዚያች ቀዳዳ የሰማው ሳቅ ሲያሳርረው የዋለ ሰውዬ፣ ይሄን ለመስማት አልተዘጋጀም ነበር። ጉሮሮውን ጠረገ።

«እስቲ አሳዪኝ» አለ። «ምንድነው የምትሠሪው?»

ቲና መጀመሪያ የቀለደ መስሏት አየችው። ከዚያ ወንበሯን ወደ ግድግዳው አስጠግታ ቦታ ለቀቀችለትና የሰኞውን ሥራ ከፈተች። ከአንገት እስከ ጫማ የሚወርድ ጥልፍ ነው። ይሄ መስቀለኛ ስፌት ነው፣ ይሄኛው ሙሌት ነው፤ እዚህ ጋ ክሩ ከረዘመ ሲታጠብ ይላላል፣ ስለዚህ አጭር መሆን አለበት፤ እዚህ ጋ ደግሞ ሁለቱ ቀለማት ከተነካኩ ከሩቅ ጭቃ ይመስላሉ፣ ለዚህ በመካከላቸው ወርቃማ አስገባሁ። እንደዚህ ረጅም ስታወራ ሰምቷት አያውቅም። ተናኘ ከሳሎን «እራት!» ብላ ተጣራች፤ ማንም አልመለሰላትም። ድጋሚ ልትጣራ መጥታ በሩ ላይ ስትደርስ ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው አየቻቸውና መቃኑን ተደግፋ ቆመች።

እንግዳ አስተያየት ሊሰጥ ሁለት ጊዜ አፉ ላይ ደርሶ ዋጠው። ግንባሩን አላበው። በሦስተኛው አልቻለም።

«ይሄ አረንጓዴ ግን» አለ፤ «ትንሽ ቢፈካ?»

ከበሩ በኩል የተናኘ ትንፋሽ ተሰማ። ቲና ግን አልተቆጣችም። አረንጓዴውን አፈካችው፣ ወደ ኋላ ተለጥጣ አየችው፣ ክር አንስታ አስጠጋችው፣ ራሷን ነቀነቀች።

«አይ፤ የቅድሙ ይሻላል፣ አባዬ» ብላ መለሰችው።

እንግዳ መነጽሩን አስተካክሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በጥሞና አየው።

«እኔም እንደሱ ነው የመሰለኝ» አለ።